ሜሪላንድ ላይ የሚዋሽ፣ አዲስ አበባ ላይ የሚታመን ኮምፓስ

ጥያቄው ባጭሩ፦ «ሜሪላንድ ውስጥ በሴስና 172 የግል አብራሪነት ሥልጠና እየወሰድኩ ነው። ባለፈው ሰሜን ይዤ ስበር አሠልጣኜ ወደ ቀኝ ታጠፊ አለኝ። መታጠፍ ስጀምር ኮምፓሱ ወደ ግራ የዞርኩ አስመስሎ አሳየኝ። ደቡብ ይዘን ስንደግመው ደግሞ ቀድሞኝ ሮጠ። አሠልጣኜ ‹ያለ ነው፣ ትለምጂዋለሽ› ብሎ አለፈው። አገር ቤት አብራሪነት የሚማረው የአጎቴ ልጅ ግን ይህን የሚያውቀው ከመጽሐፍ ብቻ ነው፤ በረራ ላይ አንድም ቀን አላየሁም ብሎ ይምላል። የማናችን ኮምፓስ ነው የተበላሸው? የእኔው ውስጥ ትንሽ የአየር አረፋ ስላለች እሱን ጠርጥሬያለሁ። ደግሞስ ጂፒኤስ ባለበት ዘመን ይህን ሁሉ ስሕተት ለምን እንሸመድዳለን?»

እህቴ፣ የሁለታችሁም ኮምፓስ ደህና ነው። የሚለያየው ከሥራችሁ ያለው ምድር ነው። የአጎትሽ ልጅ የሚበርበት ሰማይ ለኮምፓስ እጅግ ከሚመቹት የዓለም ክፍሎች አንዱ ነው። አንቺ ያለሽበት ደግሞ ኮምፓስን በደንብ የሚያስቸግር ቦታ ነው፤ ሁለታችሁም የምታነቡት መጽሐፍ የተጻፈው በአንቺ ሰፈር ነው። ስለዚህ እሱ ለፈተና የሸመደደው የሰው አገር ስሕተት ነው። እኔ የአብራሪነት ፈቃድ ቢኖረኝም ዕድሜዬን የፈጀሁት በአውሮፕላን መሣሪያ ጥገና ላይ ስለሆነ ከዕቃዋ ልጀምር።

ከፊት መስታወቱ መሐል የተሰቀለችውን ትንሽ ሣጥን ፈትተሽ ብታያት ውስጧ ብዙ ነገር የለም። ነጭ ጋዝ የሚመስል ጥርት ያለ ፈሳሽ አለ። በፈሳሹ ውስጥ ቁጥር የተጻፈበት ቀለበት ይንሳፈፋል፤ ከሥሩ ሁለት ትናንሽ ማግኔቶች ጎን ለጎን ተጣብቀዋል። ቀለበቱ መሐሉ ላይ በአንዲት ሹል ጫፍ ተደግፎ የሚቆም ሲሆን ሹሏ የምታርፈው እንደ ድሮ የእጅ ሰዓት በከበረ ድንጋይ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ፈሳሹ የቀለበቱን ክብደት ከሹሏ ላይ ያቃልላል፣ ውዝዋዜውንም ያረግባል። ከኋላ ደግሞ ፈሳሹ በሙቀት ሲያብጥና በብርድ ሲኮማተር አብራ የምትተነፍስ ቀጭን ሽፋን አለች። ኤሌክትሪክ የሚያስፈልጋት ለማታ መብራቷ ብቻ ነው።

ቁጥሮቹ በየ30 ዲግሪው ናቸው፤ የመጨረሻዋ ዜሮ ስለምትተው 3 ማለት 30፣ 33 ማለት 330 ነው። መጀመሪያ ቀን ሁሉንም ሰው የሚያደናግረው ሰሜን ይዘሽ ስታይ 33 በስተቀኝ፣ 3 ደግሞ በስተግራ መታየቱ ነው። የተገለበጠ ይመስላል፤ አልተገለበጠም። ቀለበቱ ቦታውን ይዞ ቆሟል፤ አውሮፕላኑና ሣጥኗ ናቸው ዙሪያውን የሚዞሩት፤ አንቺ ደግሞ የምታነቢው ወደ አንቺ የዞረውን የቀለበቱን ጀርባ ነው። ይህን ያዢልኝ፤ ኋላ ይጠቅመናል።

አሁን የመሶብ ክዳን ፈልጊ። ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ካለሽ ከአንዱ ጎረቤት ቤት አይጠፋም። ክዳኑን ሾጣጣ ጫፉ ወደ ላይ እንደሆነ በአንድ ጣትሽ ከውስጥ ደግፈሽ አንሺው። አይወድቅም። አብዛኛው ክብደቱ ከጣትሽ በታች ስለሆነ ትንሽ ተወዛውዞ ይረጋል። የኮምፓሱ ቀለበትም የተሠራው እንዲሁ ነው። ክብደቱ ከሹሏ በታች እንዲንጠለጠል የተደረገው ሆን ተብሎ ነው፤ ምክንያቱን ለመረዳት ምድር ማግኔቱን ወዴት እንደምትጎትተው ማወቅ ያስፈልጋል።

ትምህርት ቤት «ኮምፓስ ሰሜንን ያመለክታል» ተብለን ነው ያደግነው። ማግኔቱ የሚከተለው ግን የምድርን የመግነጢስ መስመር ነው፤ መስመሩ ወደ ሰሜን ሲሄድ ጎን ለጎን ወደ መሬት ውስጥም ይጠልቃል። ዋሽንግተንና ሜሪላንድ አካባቢ ከአድማስ በታች 65 ዲግሪ ገደማ ያቆለቁላል። በሁሉም አቅጣጫ ነፃ የሆነ ማግኔት እጅሽ ላይ ቢኖር ከአድማሱ ይልቅ ወደ ጫማሽ ጫፍ ነው የሚያመለክትሽ። ይህን ቁልቁለት በሙያው ዲፕ እንለዋለን። አዲስ አበባ ላይ ግን መስመሩ እንደ ተዘረጋ ምንጣፍ ለጥ ያለ ነው፤ ዲፑ ከዜሮ ብዙም አይርቅም። ዲፕ ዜሮ የሚሆንባቸውን ቦታዎች የሚያገናኘው የመግነጢስ ወገብ ከምድር ወገብ ጋር አንድ አይደለም። ፔሩ ላይ ከምድር ወገብ በስተደቡብ 12 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል፤ አፍሪካ ላይ ደግሞ ወደ ሰሜን ወጥቶ ኢትዮጵያን አቋርጦ ያልፋል። አራት ኪሎ ያለው የዩኒቨርሲቲው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ እ.ኤ.አ. በ1957–58 በተካሄደው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ሰሞን የተመሠረተው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሳይንቲስቶች በዚህ ወገብ ላይ የመግነጢስ መለኪያ እንዲኖራቸው ይፈልጉ ነበር። አገር ቤት በዚያ ግቢ ስንመላለስ ስንቶቻችን ይህን እናውቅ ነበር?

አንድ የሚገርም ነገር ልጨምር። የምድር መግነጢስ በጥቅሉ ሲለካ ሜሪላንድ ላይ ይበልጣል፤ ወደ 51 ሺህ ናኖቴስላ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ 36 ሺህ ገደማ። ኮምፓስን የሚያዞረው ግን አግድሙ ክፍል ብቻ ነው። የአንቺው አብዛኛው ጉልበት ወደ መሬት ስለሚሰምጥ ለአግድሙ 21 ሺህ ያህል ብቻ ይተርፈዋል፤ የአዲስ አበባው ግን ከሞላ ጎደል ሙሉው አግድም ነው። ስለዚህ ደካማ በሆነው መግነጢስ ውስጥ ኮምፓሱ ይበልጥ ጨዋ ሆኖ ይቆማል። በሌላው ጫፍ፣ ካናዳ ሰሜን ጥግ ላይ፣ አግድሙ ክፍል ከመሳሳቱ የተነሣ ኮምፓስ ጨርሶ አይታመንም፤ እዚያ የመንደርደሪያ ቁጥር የሚሰጠው በእውነተኛው ሰሜን ነው።

ወደ ክዳናችን እንመለስ። ሜሪላንድ ላይ መግነጢሱ የቀለበቱን ሰሜን ጎን ወደ ታች ይጎትታል። ከታች የተንጠለጠለው ክብደት ግን ቀና ሊያደርገው ይታገላል። በትግሉ መጨረሻ ቀለበቱ በሰሜን በኩል ትንሽ ብቻ ዝቅ ብሎ ይረጋል፤ ባይንጠለጠል ኖሮ 65 ዲግሪ ተደፍቶ ሣጥኗን ይነካ ነበር። መፍትሔው ግን የራሱን ጣጣ አመጣ፦ ሰሜኑ ጎን ዝቅ ሲል የተንጠለጠለው ክብደት ከሹሏ በስተደቡብ ፈቀቅ ይላል። አየር ላይ ያየሽው ነገር ሁሉ ከዚህ ፈቀቅታ የተወለደ ነው።

በዓይንሽ እንድታዪው ከክዳኑ ጠርዝ በአንድ በኩል ሳንቲም ለጥፊ። ሳንቲሙ ደቡብ ነው። ፊትሽን ወደ ሰሜን አዙረሽ፣ ሳንቲሙ ወደ ደረትሽ ሆኖ፣ ክዳኑን በጣትሽ ደግፊና እጅሽን በፍጥነት ወደ ቀኝ ውሰጂ። ሳንቲሙ ያለበት ጎን ከባድ ስለሆነ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ወደ ግራሽ ይሄዳል። ያኔ ክዳኑ ከላይ ሲታይ እንደ ሰዓት ቆጣሪ ይዞራል። አውሮፕላንሽም ከሰሜን ወደ ቀኝ ስትታጠፍ የምትዞረው ወደዚያው አቅጣጫ ነው። አንቺ የምታነቢው በቀለበቱና በአውሮፕላኑ መካከል ያለውን ልዩነት ነው ብለን አልነበር? ቀለበቱ አብሮሽ ከዞረ ምንም ያልታጠፍሽ ይመስላል። ከአንቺ ፈጥኖ ከዞረ ደግሞ ወደ ግራ የታጠፍሽ ይመስላል። ያየሽው ይህንን ነው።

ሁለተኛ ምክንያትም አለ፤ ከመጀመሪያው ጋር ይተባበራል። አውሮፕላኑ ወደ ቀኝ ሲያዘነብል ቀለበቱም አብሮ ያዘነብላል። ወደ መሬት የሚጎትተው የመግነጢስ ክፍል አሁን ዝቅ ያለ ጎን አገኘ፤ ሰሜኑን ጫፍ ወደዚያ ዝቅታ፣ ወደ ቀኝ፣ ያንሸራትተዋል። ዞሮ ዞሮ ስሕተቱ ያው ነው፣ ተደራርቦ ይመጣል።

ደቡብ ይዘሽ ስትበሪ ነገሩ ይገለበጣል። ፈቀቅ ያለው ክብደት አሁን ከፊትሽ ነው። ወደ ቀኝ ስትታጠፊ እሱ ወደ ግራ ይቀራል፤ ቀለበቱ ከአንቺ በተቃራኒ ይዞራል፤ ስለዚህ ከታጠፍሽው በላይ የታጠፍሽ ያስመስላል። ምሥራቅና ምዕራብን ስታቋርጪ ግን ክብደቱ በመታጠፊያው ግፊት መስመር ላይ ስለሚሆን የሚያዞረው ነገር የለም፤ ንባቡ ልክ ይሆናል። አሜሪካኖቹ ለዚህ «ዩኖስ» የምትል ማስታወሻ አላቸው። እኔ ለተማሪዎቼ የምሰጣት በአማርኛ ነው፦ ሰሜን ይጎተታል፣ ደቡብ ይቀድማል።

ፍጥነት ስትጨምሪስ? ምሥራቅ ይዘሽ ጋዝ ስትሰጪ ደቡብ ያለው ክብደት ወደ ኋላ፣ ወደ ምዕራብ፣ ይቀራል። ልክ ታክሲው ድንገት ሲነሣ ወደ ኋላ እንደሚንገዳገደው ተሳፋሪ ማለት ነው። ቀለበቱ ዞሮ ወደ ሰሜን የታጠፍሽ ያስመስላል። ጋዝ ስትቀንሺ ደግሞ ወደ ደቡብ። ስትፈጥኚ ሰሜን፣ ስትዘገዪ ደቡብ፤ ይህ የሚሠራው ምሥራቅ ወይም ምዕራብ ስትይዢ ነው። ሰሜን ወይም ደቡብ ላይ አታዪውም።

ለዚህ ጉድ መጀመሪያ ዋጋ የከፈሉት በዳመና ውስጥ የበረሩ የአንደኛው የዓለም ጦርነት አብራሪዎች ናቸው። መሬትም አድማስም የለም፤ ያላቸው ኮምፓስ ብቻ ነው። ሰሜን ይዞ የሚሄድ አውሮፕላን ክንፉ ወደ ቀኝ ሲወድቅ ኮምፓሱ ወደ ግራ ዞረሃል ይላል፤ አብራሪው ለማረም ወደ ቀኝ ይጨምርበታል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን መገመት አያቅትሽም። እንግሊዝ አገር ፋርንቦሮ ይህን ያጠናው ኪት ሉካስ የሚባል ሰው ነው፤ በሙያው የነርቭ ተመራማሪ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1916 በአውሮፕላን ግጭት ሞተ።

ቁጥሩን ልንገርሽ፤ ከንድፈ ሐሳቡ ይበልጥ የሚጠቅምሽ እሱ ነው። የተለመደው የግምት ሕግ፣ ወደ ሰሜን ስትታጠፊ ኮምፓሱ ሰሜን ከመድረሱ በፊት በኬክሮስሽ ቁጥርና ባዘነበልሽው ዲግሪ ግማሽ ያህል ቀድመሽ ክንፍሽን ማስተካከል ጀምሪ ይላል። አንቺ 39ኛው ኬክሮስ ላይ ነሽ። በ15 ዲግሪ ማዘንበል ብትታጠፊ 39 ሲደመር 7፣ 46 ይሆናል። ከምሥራቅ ወደ ሰሜን ስትመጪ ኮምፓሱ 046 ሲል ማስተካከል ትጀምሪያለሽ፤ ከምዕራብ ስትመጪ 314 ሲል። ወደ ደቡብ ስትታጠፊ ደግሞ አልፎት እንዲሄድ ትተዪዋለሽ፤ ከምሥራቅ ስትመጪ 212፣ ከምዕራብ ስትመጪ 148 እስኪል። በኮምፓሱ ላይ 180 አይተሽ ቶሎ ካቆምሽ ደቡብ ሳትደርሺ ቀርተሻል። ዋሽንግተን ዙሪያ 30 የባሕር ማይል ልዩ የበረራ ሕግ ያለበት ክልል ስላለ፣ እዚያ ሰፈር በ40 ዲግሪ የሚሳሳት ሰው የሚቆጣው አሠልጣኙ ብቻ አይሆንም።

አሁን የአጎትሽን ልጅ ቁጥር እይው። ከምሥራቅ ወደ ሰሜን ሲመጣ 007 ሲል፣ ወደ ደቡብ ሲመጣ 173 ሲል ማስተካከል ይበቃዋል። ይህም የክንፉ ማስተካከያ ጊዜ ነው እንጂ የኮምፓስ ስሕተት አይደለም። በመጽሐፉ ሕግ ግን 9ኛው ኬክሮስ ላይ ነህና 9 ጨምር ይባላል። ሕጉ ኬክሮስን የሚጠቀመው በዲፕ ፈንታ ነው፤ አሜሪካ ላይ ሁለቱ አብረው ስለሚጨምሩ ያስኬዳል፤ እኛ አገር ላይ ግን አያስኬድም። የባሰውን ልንገርሽ፦ ናይሮቢ ከምድር ወገብ በስተደቡብ ገና አንድ ዲግሪ ተኩል እንኳ አትሞላም፤ በሕጉ ስሕተት የለባትም ማለት ነው። ከመግነጢስ ወገብ ግን በስተደቡብ በደንብ ርቃለች፤ ስለዚህ እዚያ የሚያቆለቁለው የማግኔቱ ደቡብ ጫፍ ነው፤ ስሕተቱም ገና በትንሹ ቢሆን ተገልብጦ ይጀምራል። ጆሃንስበርግ ስትደርሺ ዲፑ ወደ አንቺው ሜሪላንድ የሚጠጋ ሆኖ በተቃራኒው ነው፤ ሰሜን ይቀድማል፣ ደቡብ ይጎተታል። የአጎትሽ ልጅ ሠልጥኖ ደቡብ አፍሪካ መብረር ሲጀምር አንቺ ያየሽውን በመስታወት ውስጥ እንዳለ ያየዋል።

ይሁንና «አንድም ቀን አላየሁም» የሚለው ትንሽ ተጋኗል። ረጅም መታጠፍ ላይ ፈሳሹ ራሱ ከሣጥኗ ጋር መሽከርከር ይጀምራልና ቀለበቱን ጥቂት ይጎትተዋል። አየሩ ሲናወጥም ቀለበቱ ወዲያና ወዲህ ይላል። እነዚህ ዲፕ አይጠይቁም፤ አዲስ አበባም ሜሪላንድም አሉ።

የእግር ጉዞ ኮምፓስ ካለሽ በአንድ ሻይ ሰዓት ይህን ሁሉ ታረጋግጫለሽ። ለአውሮፓና ለአሜሪካ ገበያ የሚሠሩት መርፌያቸው በደቡብ ጎኑ ትንሽ ተመዝኖ ዲፑን እንዲያካክስ ይደረጋል። እሱን ይዘሽ አገር ቤት ስትሄጂ መካስ ያለበት ዲፕ የለም፤ ክብደቱ ብቻ ቀርቷልና የመርፌው ደቡብ ጫፍ ተዘቅዝቆ ታችኛውን ወለል ይፍቃል። ሰዎች ተበላሸ ብለው ይጥሉታል። አንዱን ከቆሻሻ አንሥቼ እስካሁን አለኝ።

እስካሁን ያወራነው ከምድር የሚመጣውን ነው። ከአውሮፕላኑ ከራሱ የሚመጣው ስሕተት ዴቪየሽን ይባላል፤ የእኔ እንጀራ እሱ ስለሆነ ጥቂት ታገሺኝ። ሞተሩ ብረት ነው፣ ሬዲዮው ማግኔት አለው፣ ሽቦው ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ስለዚህ ኮምፓሱ ውስጥ ሁለት ማስተካከያ ብሎኖች አሉ፤ አንዱ ለሰሜን-ደቡብ፣ አንዱ ለምሥራቅ-ምዕራብ። አውሮፕላኑን ከብረት ራቅ ብሎ መሬት ላይ በተሣለ የአቅጣጫ ክብ ላይ እናቆመዋለን፤ ሞተሩ ይነሣል፣ ሬዲዮው ይበራል፤ ሲበር እንደሚሆነው ማለት ነው። ሰሜን ላይ ስሕተቱን ሙሉ በሙሉ እናጠፋለን፤ ምሥራቅ ላይም እንዲሁ። ደቡብ ስንደርስ ግማሹን ብቻ እናነሣለን፣ ምዕራብ ላይም ግማሹን። ከዚያ በየ30 ዲግሪው እያቆምን የቀረውን እንጽፋለን። ከኮምፓሱ ሥር የተለጠፈችው ትንሽ ካርድ ይቺ ናት፤ «ለዚህ አቅጣጫ ይህን ያዝ» የምትል።

መጀመሪያ የሠራሁ ቀን ከመሣሪያ ሣጥኔ የተለመደውን ጠመንጃ መፍቻ ይዤ ሄድኩ። ጫፉን ወደ ብሎኑ ሳስጠጋ ቀለበቱ እንደ ተራበ ቡችላ ተከተለኝ። ሳርቀው ተመለሰ፣ ሳቀርበው መጣ። ከኋላዬ የቆሙት ጋሼ ምንም ሳይናገሩ ከኪሳቸው የነሐስ መፍቻ አውጥተው ሰጡኝ። እስኪበቃቸው እንድደነግጥ እየጠበቁኝ ነበር።

ሌላ ጊዜ አንድ ባለ አራት መቀመጫ አውሮፕላን ወደ ሥራ ቦታችን መጣ፤ ኮምፓሱ በአንዳንድ አቅጣጫ ከ20 ዲግሪ በላይ ይስታል። ብሎኖቹን እስከ መጨረሻ ባዞርም አልተስተካከለም። ግማሽ ቀን ሬዲዮውን፣ የመብራቱን ሽቦ፣ ሁሉን ፈተሽኩ። የመብራቱ ሁለት ሽቦዎች እርስ በርስ ካልተጠማዘዙ ኤሌክትሪካቸው ኮምፓሱን ይረብሻል፤ ተጠማዝዘው ነበር። መጨረሻ ላይ ሣጥኗን የያዙትን አራት ብሎኖች በማግኔት ነካኋቸው። ሦስቱ ዝም አሉ፣ አራተኛው ተጣበቀ። ከእኛ በፊት የሠራው ሰው አንድ የነሐስ ብሎን ጠፍቶበት በተራ ብረት ተክቶት ነበር። ለአንቺ የሚቀርበው አደጋ ግን ታብሌትሽ ነው። ሽፋኑ ማግኔት ያለበት ታብሌት ወይም በማግኔት የሚይዝ የስልክ ማቆሚያ ከመሣሪያው ሰሌዳ በላይ ካስቀመጥሽ ካርዷ ላይ የተጻፈው ሁሉ ዋጋ የለውም። የጆሮ ማዳመጫሽንም እዚያ አትጣዪው፤ ድምፅ ማጉያው ማግኔት ነው።

ቫሪየሽንን በአጭሩ ልለፈው፤ ካርታሽ ላይ አለ። ማግኔት የሚያየው ሰሜንና እውነተኛው ሰሜን አንድ አይደሉም። አንቺ ጋ ልዩነቱ 11 ዲግሪ ያህል ወደ ምዕራብ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ 3 ዲግሪ ገደማ ወደ ምሥራቅ። ምዕራብ ይደመራል፣ ምሥራቅ ይቀነሳል፦ ካርታ ላይ 090 የለካሽው መንገድ አንቺ ጋ 101፣ እሱ ጋ 087 ይሆናል። ከአዲስ አበባ የሚመጣው አውሮፕላናችን የሚያርፍበትን የዋሽንግተኑን ደለስ አየር ማረፊያ በካርታ እይው፤ ጎን ለጎን ያሉት ሦስቱ መንደርደሪያዎች ወደ እውነተኛው ሰሜን ቀጥ ብለው የተዘረጉ ናቸው፤ የመንደርደሪያ ስም የመጨረሻዋን ዜሮ ትቶ የሚጻፍ የማግኔት አቅጣጫ ስለሆነ ስማቸው ግን 01 ነው። ያ 1 የመጣው ከቫሪየሽን ነው። ልዩነቱ በየዓመቱ ስለሚንሸራሸር የመንደርደሪያ ስም የሚቀየርበት ጊዜም አለ፤ ፍሎሪዳ ያለው የታምፓ አየር ማረፊያ መንደርደሪያ እ.ኤ.አ. በ2011 ከ18 ወደ 19 ተቀይሯል።

ጂፒኤስ እያለ ለምን? ጂፒኤስ የሚነግርሽ የሄድሽበትን መንገድ ነው፤ አፍንጫሽ ወዴት እንደዞረ አያውቅም። የጎን ነፋስ ሲኖር ሁለቱ ይለያያሉ። በዘመናዊ ስክሪን ላይ የሚታየው ሄዲንግም (የአፍንጫሽ አቅጣጫ) ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ ክንፍ ውስጥ ከተደበቀ የኤሌክትሮኒክ መግነጢስ መለኪያ የሚመጣ ነው። ትልልቆቹ ጀቶች በምድር መሽከርከር እውነተኛውን ሰሜን ፈልገው ያገኙና የማግኔቱን ከተከማቸ ሠንጠረዥ ያሰሉታል፤ ቢሆንም በቦይንግ 737 መስታወት መሐል ያቺው ሣጥን ተሰቅላለች። ኤሌክትሪኩ ሁሉ ሲጠፋ የምትቀረው እሷ ናት።

አሮጌ ሴስና ላይ ከሆንሽ ደግሞ የጋይሮ አቅጣጫ ጠቋሚውን (በሚሽከረከር መንኮራኩር የሚሠራውን) በየ15 ደቂቃው በኮምፓስ ታስተካክዪዋለሽ። ጋይሮው በምድር መዞር ምክንያት ብቻ በአንቺ ኬክሮስ በሰዓት 9 ዲግሪ ከግማሽ ገደማ ይስታል፤ አዲስ አበባ ላይ 2 ዲግሪ ከትንሽ። የመሣሪያው ፍትጊያ የሚያመጣው ስሕተት ደግሞ ከዚህ ላይ ይደመራል። ስታስተካክዪ ክንፍሽ ደልደል፣ ፍጥነትሽ አንድ ዓይነት ይሁን፤ እየታጠፍሽ ወይም ጋዝ እየሰጠሽ ካስተካከልሽ የኮምፓሱን ውሸት ወደ ጋይሮው ገለበጥሽው ማለት ነው። ጋይሮው ከሞተና መታጠፍ ካለብሽም ከኮምፓሱ ጋር አትከራከሪ። በመደበኛው መታጠፊያ ፍጥነት በሰከንድ 3 ዲግሪ ትዞሪያለሽ፤ ለ90 ዲግሪ 30 ሰከንድ ቆጥረሽ ክንፍሽን አስተካክዪ፣ ኮምፓሱ ሲረጋ አንብቢ፣ የቀረውን ጨርሺ።

አረፋዋን በተመለከተ፦ ከሰሜኑ ነገር ጋር አትገናኝም። አረፋ ማለት የሆነ ቦታ ያለ ጎማ ደርቆ ፈሳሹ እየሾለከ ነው። ትንሽ ስትሆን ከንባቡ ብዙም አታጎድልም፤ ስታድግ ግን ቀለበቱ በደንብ አይንሳፈፍም፣ ሹሏም ትበላለች፣ ውዝዋዜውም ይብሳል። ከበረራ በፊት በምትፈትሺው ውስጥ አስገቢያትና መጠኗን ተከታተዪ። ካደገች ለመካኒኩ አሳዪ እንጂ እንደ አንዳንዱ ባለቤት ከጓዳ ነጭ ጋዝ አምጥተሽ ለመሙላት እንዳትሞክሪ። አንድ ሰው በእንደዚያ ዓይነት የቤት ውስጥ ሙያ ሞልቶት የመጣ ኮምፓስ ገጥሞኛል፤ ቁጥሮቹ ተልጠው ከሣጥኑ ሥር ተኝተው ነበር።